ያልላላው ብሎን

ሥራዬን ሲነቅፉብኝ አልወድም። አልወድም ብቻ አይደለም፣ አልችልም፤ ደሜ ይፈላል። ከሚሴ ውስጥ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር አንዲት የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ቁም ሣጥን እሠራባታለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛዬ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «የእሱ መስኮት ነፋስ ያስገባል» ብሎ አወራብኝ አሉ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ፣ ካቻቢቴዬን ይዤ ባጃጅ ተሳፈርኩ፣ ቤቱ ሄጄ መስኮቱን ከነመቃኑ ነቅዬ ይዤው መጣሁ። «መስኮቱ ነፋስ ያስገባል አልክ አይደል? እስቲ አሁን ደግሞ ቀዳዳው ምን እንደሚያስገባ አይተህ ንገረኝ» አልኩት። ሰውየው ሁለት ቀን ያለ መስኮት ከረመ። በኋላ ሽማግሌ ገባና መለስኩለት። ለነገሩ ነፋሱን ያስገባው የነበረው የግድግዳው ጭቃ እንጂ የእኔ መስኮት አልነበረም፤ ወላሂ አልነበረም።

ይህን ያመጣሁት ለመኩራራት አይደለም፣ ጠባዬን አስቀድማችሁ እንድታውቁት ብዬ ነው። ላወራ የተነሣሁት ስለ አማቴ ጠመንጃ ነው።

አማቴ፣ የሚስቴ አባት ማለቴ ነው፣ የጨፋ ገበሬ ናቸው። ማሳቸው ከቦርከና ወንዝ ብዙም አይርቅም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ከርከሮ እየወጣ ይገባበታል። ከርከሮ የበላውን በልቶ ቢሄድ ምን ነበረበት? እሱ ግን አንዱን ይነክሳል፣ ዐሥሩን ረግጦ ይሰብራል። አማቴ ከአባታቸው የወረሱት፣ ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ አንድ አሮጌ የአደን ጠመንጃ አላቸው። በዚያ ጠመንጃ የራሳቸውንም የጎረቤቶቻቸውንም ማሽላ ሲጠብቁ ነው የኖሩት። ገበያ ላይ ሰው «የማሽላችን ዘበኛ» ብሎ ሲጠራቸው ይቆጡ ይመስላሉ፣ ግን እርምጃቸው ይለወጣል፤ እኔ አይቻለሁ።

አንድ መኸር ላይ ነገሩ ተበላሸ። ከርከሮው መጣ፣ ተኮሱ፣ ሳቱ። በሌላው ቀን መጣ፣ ተኮሱ፣ ሳቱ። የሦስት ሰው ማሳ ግማሹ ዱቄት ሆነ። የጠመንጃው ሰደፍ፣ ያ ትከሻ ላይ የሚያርፈው እንጨት፣ ከአንገቱ ተሰንጥቆ በጎማ ተጠፍሮ ነበርና ሁሉም በሰደፉ አመካኘ። መጀመሪያ ነው እንግዲህ። በኋላ ላይ ሰው ማመካኘቱን ተወና ዝም ማለት ጀመረ። በመጨረሻ የበኩር ልጃቸው፣ አጠገባቸው ጎጆ የወጣው የሚስቴ ወንድም፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት በደግ አንደበት «አባ፣ ደክመዋል። ጠመንጃውን ለእኔ ይስጡኝና ይረፉ» አላቸው። ልጁ ክፋት የለበትም። ግን አማቴ ዙሪያውን አዩ፣ አንድም ሰው «ኧረ ተው» አላለም።

«የሳትኩት እኔ አይደለሁም፣ ሰደፉ ነው» አሉ አማቴ። «ሰደፉ ይሠራልኝ። ሲሠራ እዚሁ እናንተ ፊት ሁለት ጥይት እተኩሳለሁ። ሁለቱንም ከሳትኩ ጠመንጃው የእሱ ነው፣ እኔም ማሳ ዳር አልታይም።»

ሚስቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስትመለስ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። አጠገቤ ቆመችና «አባ ይምጣና ይለካኝ ብለውሃል» አለችኝ።

«ማንን? እኔን?»

«ሌላ አናጢ ባል አለኝ እንዴ?»

መሮውን አስቀመጥኩት። ደስታ ልበለው ፍርሃት እንጃ። እኛ ዘንድ ሶዳ ይከበራል፤ ሶዳ ማለት አማች ነው። አማች አማቱን ትክ ብሎ አያይም፣ ፊታቸው ተደላድሎ አይቀመጥም፣ እንኳንስ ገላቸውን ሊነካ። ከልጃቸው ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት ስኖር ከአማቴ ጋር የተነጋገርነው ሁሉ ቢጠራቀም አንድ ስኒ አይሞላም። እኔ አንገቴን ደፍቼ «አካም ቡልተን» እላለሁ፣ እሳቸው «ነጋያ» ብለው ያልፋሉ፣ አለቀ።

ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፣ ሆዴ ውስጥ የቆየ። ልጃቸውን ሳገባ የቤታቸውን በር የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። አንድ ምስማር ሳልመታበት፣ እንጨት በእንጨት አጋጥሜ ነው የሠራሁት። ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያ በር ገብተው ወጥተዋል። ጥሩ ነው አላሉኝም፣ መጥፎ ነው አላሉኝም። መጥፎ ነው ቢሉኝ እንኳ በተሻለኝ፤ ነቅዬው እመጣ ነበር። አሁን ግን በአፋቸው እኔን ጠሩ፤ ይኸው ዘበኝነታቸውን እጄ ላይ ጣሉት።

ሰደፍ እንደ በር አይደለም። በር ለመጣ ሰው ሁሉ ይሆናል፣ ሰደፍ ግን ልክ እንደ ጫማ የባለቤቱን አካል ይፈልጋል። ከክርን እጥፋት እስከ ጠቋሚ ጣት ይለካል። ጉንጭ የሚያርፍበት ቁመት ይለካል። የትከሻ ጎድጓዳ በእጅ ይዳሰሳል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሰውየው ባዶ ጠመንጃ አንሥቶ ሲያነጣጥር ፊት ለፊት ቆሞ ማየት ነው። ሙያውን ያስተማረኝ ሽማግሌ አናጢ ሰደፍ ይሠራ ስለነበር ይህን ሁሉ አሳምሬ ዐውቃለሁ። ዐውቃለሁ፣ ግን አማቴ ፊት ቆሜ ጉንጫቸውን ልዳስስ? ያ አላህ! ሳስበው ብቻ ላብ አሰመጠኝ።

«አልነካቸውም» አልኳት ሚስቴን። ሦስት ቁራጭ ሲባጎ ሰጠኋትና የት የት እንደምትይዝ፣ የት እንደምትቋጥር በራሴ እጅና ጉንጭ ላይ አሳየኋት። «አንቺ ልጃቸው ነሽ፣ አንቺ ለኪያቸው።»

በሦስተኛው ቀን ሦስቱን ሲባጎ ተቋጥሮ አመጣችልኝ።

«ምን አሉ?»

«‹ባልሽስ?› አሉኝ። ‹ያፍራል› አልኳቸው። ቀኝ እጃቸውን ስይዝ ‹ቀኙን ነው?› አሉ። ‹ታዲያ በግራ ይተኮሳል እንዴ አባ!› ብዬ ሳቅሁባቸው። ከዚያ ‹ቶሌ› አሉ፣ እሺ፣ ለኪ።»

እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

እንጨቱ የት እንዳለ ገና ከመጀመሪያው ዐውቄዋለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ከአማቴ ማሳ ዳር አንድ ትልቅ ዋንዛ ጎርፍ ሥሩን አጥቦት ወድቆ ነበር። ሰው ሁሉ ለማገዶና ለምሰሶ ሲቀራመተው እኔ ከግንዱ መሐል አንድ ወፍራም ጣውላ አሰንጥቄ አመጣሁና ከሥራ ቤቴ ጣሪያ ሥር ሰቀልኩት። ለምን እንደማውለው አላውቅም ነበር። ስንት ደንበኛ ለአልጋ ራስጌ ለመነኝ፣ ከለከልኩ። አውርጄ በጣቴ አጥንት ባንኳኳው ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ደርቋል፣ ምንም አልተጣመመም። ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ለሰደፍ አንገት ደግሞ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ጅማቱ ከተቆረጠ በመጀመሪያው ተኩስ ስንጥቅ ይላል።

አሮጌውን ሰደፍ አስመጣሁና እንደ ናሙና ጣውላው ላይ አጋድሜ በእርሳስ ዞርኩት። በመጋዝ አወጣሁት፣ በመላጊያ ጀርባውን አስተካከልኩ፣ ከዚያ ሞርሳ ላይ ነክሼ በሞረድ መክበብ ጀመርኩ። የሌላው ሰው ሥራ ሁሉ ቆመ። አንዷ እናት ለልጇ ያዘዘችው አልጋ እንዳልደረሰ ስታይ «ኧረ ተኝተህ ነው እንዴ የምትሠራው?» አለችኝ። እሷን እንኳ አልተቆጣሁም፤ ያን ሰሞን ልቤ ሰፊ ነበር።

ከባዱ ሥራ የጠመንጃውን ብረት እንጨቱ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ጠመንጃ ይዞ ከተማ መግባት አይሆንም፣ ስለዚህ ሰደፉን ተሸክሜ ጨፋ እኔው መሄድ ነበረብኝ። ዐርብ ዐርብ ከጁምዓ በኋላ ከሚስቴ ጋር በሚኒባስ እንወርዳለን። ግቢው ውስጥ ከቁርቁራው ዛፍ ሥር እቀመጣለሁ። አማቴ ደግሞ በራቸው ላይ፣ እኔ በሠራሁት በር ላይ፣ ጀርባቸውን ግማሽ ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ። በመሐላችን ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ሚስቴ ጥይት የሌለበትን ብረት ከእሳቸው ተቀብላ ለእኔ ታመጣለች፣ የእኔን ጥያቄ ለእሳቸው ትወስዳለች። «አባ፣ ብረቱ ትንሽ ዝገት አለው፣ ልጥረገው ወይ ይላል።» «ይጥረገው በይው።» ድምፃችን እኮ ይሰማማል! «አሁንስ የቀበሌ መልእክተኛ አደረጋችሁኝ» ብላ ተነጫነጨች።

ብረቱ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ በዐይን መቅረጽ አይቻልም። ከብረት ድስት ቂጥ ጥላሸት ይፋቃል፣ በዘይት ይለወሳል፣ ብረቱ ይቀባል። ከዚያ እንጨቱ ላይ ጫን አድርጎ ማንሣት ነው። የነካበት ቦታ ይጠቁራል፤ የጠቆረውን ብቻ በመሮ ጫፍ መላጥ፣ እንደገና መቀባት፣ እንደገና መጫን። መቶ ጊዜ ቢባል ውሸት አይደለም። ቸኩሎ አንድ ጊዜ አብዝቶ የፋቀ ሰው ቀዳዳ አበጀ ማለት ነው፣ ቀዳዳ ያለበት ደግሞ ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል። እኔ እንኳን በሻይ ቤት ወሬ የምቆጣው፣ ያን ጥላሸት ይዤ ስቀመጥ ረጋ እላለሁ። የሚገርም ነው። ምላሴን በጥርሴ ነክሼ፣ ጉንጬና ግንባሬ ጠቁሮ ማምሻውን ስነሣ ሚስቴ «ዛሬ ደግሞ የከሰል ነጋዴ አገባሁ» ትላለች።

በአራተኛው ዐርብ ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ወረቀት እንኳ በመሐላቸው አያልፍም። ብረቱንና እንጨቱን ከሥር የሚያያይዙ ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ሁለቱንም በካቻቢቴዬ ጥብቅ አደረግሁና አናታቸው ላይ ያለውን የካቻቢቴ ጭረት ከጠመንጃው ርዝመት ጋር ቀጥ አድርጌ አቆምኩት። ያ የእኔ ፊርማ ነው። ማንም አያየውም፣ እኔ ግን ዐውቀዋለሁ።

የቀረው የጉንጩ ማረፊያ ነበር፤ ለእሱ ብሎኖቹን ፈትቼ ሰደፉን ብቻ ወደ ሥራ ቤቴ መለስኩት። በቀኝ የሚተኩስ ሰው ቀኝ ጉንጩን የሚያሳርፈው በሰደፉ ግራ ጎን ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ከእንጨቱ ወጣ ያለ ለስላሳ ጉብታ አበጀሁ። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ በርጥብ ጨርቅ አርሼ፣ ደርቆ ፀጉሩ ሲነሣ እንደገና አለስልሼ፣ ከዚያ የተልባ ዘይት። ዘይቱን በጨርቅ አይደለም፣ በመዳፌ ነው ያሸሁት፤ መዳፍ ሲግል ዘይቱ ይጠልቃል። ቀን አንድ ጊዜ፣ ለዐሥር ቀን። የዋንዛው መልክ ከአፈር ወደ ማር ሲለወጥ ሳይ ብቻዬን «ማሻአላህ» እል ነበር። ሰው የራሱን ሥራ ማሻአላህ ሲል ደስ አይልም፣ ግን ምን ላድርግ፣ ያምር ነበር።

ያስረከብኩበት ቀን ግቢው ውስጥ ሚስቴ፣ እናቷና ወንድሟ ነበሩ። ብረቱን መልሼ ገጠምኩና አማቴ ጠመንጃውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በአውራ ጣታቸው እንጨቱን አሹት። የዋንዛውን ጅማት አዩና «ከማሳ ዳሩ ነው?» አሉ። «አዎ አባ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ። ከዚያ ብድግ አደረጉትና ትከሻቸው ላይ አሳረፉት፤ ግራ ትከሻቸው ላይ።

ሰደፉ አልተቀበላቸውም። ጉብታው በማያስፈልግበት ጎን ነው፣ ግራ ጉንጫቸው በባዶው በኩል ተንሸራተተ፣ ርዝመቱም አንገታቸውን አስመዘዛቸው። ወዲያው ወደ ቀኝ አዛወሩትና ለይስሙላ አነጣጠሩ። «ጥሩ ነው» አሉ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ይህች ነበረች፣ ስሰማት ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። ውሸት መሆኗን ያወቅነው ሁለታችን ብቻ ነን። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቴን ቀና አድርጌ ፊታቸውን ያየሁት። የቀኝ ዐይናቸው ብሌን እንደ ወተት ደመና ለብሷል።

እሳቸውም ማየቴን አዩ። «እናንተ እስቲ ከብቶቹን እዩ» ብለው ሁሉንም አስወጡ። ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«ከዓምና ጀምሮ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንዱ ዐይኔ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፣ በእሱ ከርከሮ አይደለም ጥንዚዛም አያለሁ። ግን ዐይኑ ጠፋ ከተባለ ማን ጠመንጃ ያስነካኛል? በግራ ልተኩስ ብዬ ነበር፤ አንተ መጥተህ ስትለካኝ ዝም ብለህ ታውቀዋለህ፣ ዝም ብለህም ትሠራዋለህ ብዬ ነው ያስጠራሁህ። አንተ ሲባጎ ላክህብኝ። ለልጄ ምን ልበላት?»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድሁ። ጨዋ ነኝ ብዬ፣ ሶዳ አከበርኩ ብዬ፣ ሰውየው ምስጢራቸውን በእጄ ሊያኖሩ ሲጠሩኝ ሲባጎ ላክሁ! ሙያዬ ‹ሂድ፣ ቁም፣ እይ› እያለኝ እኔ በሚስቴ እጅ ለካሁ። የእኔን ሥራ ሌላ ሰው እንዲህ ቢያበላሸው ኖሮ መስኮቱን ብቻ አይደለም፣ ቤቱንም ነቅዬ እመጣ ነበር።

«አፉ ይበሉኝ አባ» አልኩ።

«አፉ ብያለሁ። በል ና፣ ንካኝ።»

ነካኋቸው። ግራ ክርናቸውን አጠፍኩ፣ እስከ ጣታቸው ለካሁ። የትከሻቸውን ጎድጓዳ በአውራ ጣቴ ፈለግሁ፤ የግራው ከቀኙ ጠለቅ ይላል፣ ልጅ ሳሉ ከበቅሎ ወድቀው ነው አሉኝ። ጉንጫቸውን በመዳፌ ደገፍኩ። ጢማቸው ይኮሰኩሳል፣ ቆዳቸው ይሞቃል። ልክ እንደ ሰው፤ ምን ይመስሉኝ እንደነበር እንጃ። እሳቸውም ዐይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸውን ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ብቻ «እጅህ ተልባ ተልባ ይላል» አሉና ሁለታችንም ሳቅን።

ሌላ ጣውላ አልነበረኝም፣ ስለዚህ ያንኑ ማስተካከል ነበረብኝ። የግራውን ጉብታ በመላጊያ አነሣሁት፤ ያን ሁሉ ቀን በመዳፌ ያሸሁት ነገር ሰጋቱራ ሆኖ ወረደ። ከጫፉ የአንድ ጣት ውፍረት ቆረጥኩ። በቀኙ ጎን ደግሞ የምለጥፈው እንጨት ስፈልግ ዐይኔ አሮጌው ሰደፍ ላይ ዐረፈ። ከተሰነጠቀው አንገት በታች ያለው ክፍል ደህና ነበር። ከእሱ ቆርጬ፣ ከዋንዛው ጋር በጥላሸት አጋጥሜ፣ በኮላ አጣብቄ ገጠምኩት። መልኩ ጥቁር ስለሆነ ጎኑ ላይ ልጥፍ መሆኑ ያስታውቃል። «ለምን በቀኝ ጎኑ ለጠፍክበት?» ያለኝ ቢኖር «ጌጥ ነው» ልል ተዘጋጅቼ ነበር፣ ደግነቱ ለግራ ተኳሽ መሆኑን ከአናጢ በቀር ማንም አይለየውም። ጨፋ ወስጄ ብሎኖቹን እንደ በፊቱ ጭረታቸውን ቀጥ አድርጌ ሳጠብቅ፣ ለአማቴ ግን ጥቁሩ የአባታቸው ሰደፍ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጉንጫቸውን እዚያ ላይ አሳረፉ።

በቀጠሮው ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ጎረቤት ሁሉ ማሳው ዳር ተሰበሰበ። የበኩር ልጃቸው አንድ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልቶ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ካለ ግራር ላይ ሰቀለ፤ ከኋላው ከፍ ያለ የአፈር ግድብ አለ። «አባ፣ ቀረብ ላድርግልዎ?» አለ ከሩቅ። «አንተ ራቅ በል እንጂ ጀሪካኑ የት ይሄዳል!» አሉት። ሰው ሳቀ። በግራ ትከሻቸው ሲያነሡ ጉምጉምታ ነበር፤ «ቀኝ ትከሻዬን ቁርጥማት ይዞኛል» ብለው ዘጉት። እኔ በግራቸው በኩል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ቆሜያለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ በቀኛቸው ነው።

«ቢስሚላህ» አሉና ተኮሱ። አፈሩ ከጀሪካኑ ሁለት ክንድ ያህል ወዲያ ቦነነ።

አንዱ ሽማግሌ «አላህ ያግዝህ ወንድሜ» አሉ፤ ለታመመ ሰው የሚባል ዐይነት አነጋገር ነበር። ልጃቸው ራሱን አቀረቀረ። እውነቱን ልናገር፣ እኔ መጀመሪያ የታሰበኝ ስለ እሳቸው አልነበረም። ‹ሰደፌ!› ነው ያልኩት በሆዴ። ስማቸው፣ ዘበኝነታቸው፣ የዕድሜያቸው ኩራት አንድ ጥይት ላይ ተንጠልጥሎ እኔ ስለ እንጨቴ እጨነቃለሁ።

ሁለተኛውን ጥይት አጎረሱ። አነሡ። ጉንጫቸው ጥቁሩ እንጨት ላይ ልክ ቁጭ አለ። ሰደፉ ልክ ነው፣ ትከሻው ልክ ነው፣ አንገታቸው አልተመዘዘም። ታዲያ ምንድን ነው? ያን ጊዜ የፊታቸውን ጎን አየሁና ክው አልኩ። የግራ ዐይናቸው ተጨፍኗል። ዕድሜ ልካቸውን በቀኝ ሲያነጣጥሩ ግራቸውን ጨፍነው ነው የኖሩት፤ ቤት ውስጥ ሲለማመዱ ቢያርሙትም፣ ሰው ፊት ሲቆሙና ልባቸው ሲመታ የጥንቱ ልማድ መጣባቸው። ደህናውን ዐይን ዘግተው በታወረው እያነጣጠሩ ነው! ጣታቸው ምላጩ ላይ ነው።

«ቆይ!» ብዬ ጮኽኩ።

አማቴ ላይ ጮኽኩ! ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ሚስቴ አፏን በእጇ ያዘች። ምን ልል ነው? ‹ዐይናቸው ጠፍቶ ነው› ልል? እጄ ራሱ ኪሴ ገባና ካቻቢቴዬን አወጣ። እየሮጥኩ ሄጄ ከጎናቸው ተንበረከክሁ፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ከሥር ብሎኑ ላይ አሳረፍኩ፣ የማጠብቅ መስዬ ጆሯቸው ሥር «አባ፣ ግራዎን አይጨፍኑት፣ ቀኙን ነው» አልኩ። ትንፋሻቸውን ሳብ አደረጉ። ተነሥቼ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

ጠመንጃው ጮኸ። ጀሪካኑ ዞረና ከሆዱ ውሃው ተንዠቀዠቀ።

ሆታው ልክ አልነበረው። ሚስቴ እልል አለች፣ ልጃቸው ራሱ ዘሎ ነው የጨፈረው። አማቴ ቀለሃውን አወጡ፣ ጠመንጃውን አወረዱ፣ ሰው ጸጥ እስኪል ጠበቁ።

«ብሎኑ ላልቶ ነበር» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። «ልጄ አጠበቀው።»

«እንዴ አናጢው!» አለ የሚስቴ ወንድም። «ብሎን ሳታጠብቅ ነው እንዴ ለአባቴ የሰጠኸው? እንዲህ ከሆነማ የሠራህልኝን አልጋ ሄጄ ልነቅንቀው!» ሰው በሳቅ ሞተ። ደሜ ከእግሬ ተነሥቶ አናቴ ድረስ ሲወጣ ተሰማኝ። ላላ? የእኔ ብሎን? አራት ዐርብ ሙሉ ጥላሸት ስልስ ከርሜ? አፌን ከፈትኩ። እጃቸው ግን ትከሻዬ ላይ ነበር፣ ይከብዳል፣ ይሞቃል። ልጄ ነው ያሉኝ። ባልሽ አይደለም፣ አናጢው አይደለም።

«ረስቼው ነው» አልኩ። «አፉ በሉኝ።»

ዐይናቸውን በኋላ ደሴ ወስደን አሳክመናቸዋል፣ እሳቸውም ፈቅደው ለቤተሰቡ ነግረዋል፤ ስለዚህ ያን ማንሣቴ ምስጢር ማውጣት አይደለም። ዛሬ በሁለቱም ዐይናቸው ያያሉ፣ መተኮሱ ግን በግራ ሆኖ ቀርቷል፤ ሰደፉ ተስማምቶኛል ይላሉ። ማሽላው እሸት ሲይዝ አሁንም ማሳው ዳር ናቸው። እኔም ስሄድ ከአንድ ገበታ አብረን እንበላለን። ስለ ብሎኑ ግን ማንም ጠይቆን አያውቅም፣ እኛም ተናግረን አናውቅም። ባለፈው ሰሞን ሰደፉን ዘይት ልቀባላቸው ሳወርደው ከሥር አየሁት፤ ሁለቱም ጭረቶች እንዳቆምኳቸው ቀጥ ብለው አሉ፣ ፀጉር ታህል አልተነቃነቁም።

ከጨፋ የሚመጣ ሰው በሥራ ቤቴ በር ባለፈ ቁጥር ግን አይምረኝም። «አናጢው! ብሎኑን አጥብቀሃል?» ይለኛል እየሳቀ።

«አጥብቄያለሁ» እላለሁ።